ከእንጨት ፈረሱ ላይ የሰማሁት

ባለፈው ወር ልጄ ዓለም ባንክ አካባቢ ወደተከፈተ አንድ ሞል ወሰደችኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የልጆች መጫወቻ አለ። መብራቱ ዓይን ያጥበረብራል፣ ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል። የልጅ ልጄ እሙ ገና በሩን ሳንዘልቅ እጄን አስለቅቃ ሮጠች። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ጉልበቴን አሞኛል አልኳቸው። ጉልበቴስ ደህና ነው።

«በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የት ነበረና!» ብላ ልጄ አዘነችልኝ። እናንተ ስትል ከኖኅ መርከብ የወረድን ታስመስለናለች። ነበረ እንጂ! ያውም ሱቅ በሱቅ በሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ ያውም ጣሪያ ሥር፣ ያውም እዚሁ ኮልፌ። አልነገርኳትም እንጂ ነበረ።

በ1970 ዓ.ም. ክረምት ስምንት ዓመቴ ነው። አጠና ተራን አለፍ ብሎ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነበር። ቀድሞ የአንድ ሀብታም ነጋዴ መጋዘን ነበር አሉ፤ ከተወረሰ በኋላ ሰዉ «ውርሱ» ይለዋል። ዙሪያውን የጨርቅ ሱቅ፣ የኮንጎ ጫማ ሱቅ፣ የቀበሌው ሕብረት ሱቅ ተደርድረዋል። መሐሉን ባዶ ትተውት ኖሮ፣ በዚያ ዓመት ከአንድ ሶሻሊስት ወዳጅ አገር የመጣ የልጆች መጫወቻ ተተከለበት። አንደኛው ዙሪያውን የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ነው፤ አሥራ ሁለት ፈረሶች፣ አንዱ ጆሮው የተሰበረ። ሁለተኛው በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ጥንድ ጥንድ ወንበሮች ናቸው፤ ሲዞሩ ወደ ጣሪያው ይወረወራሉ። ወንበሩ ላይ ትንሽ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው አይወጣም። እማዬ ደግሞ አልወጣም ብላለች። እኔ ከዓለም የምመኘው እሱን ብቻ ነበር።

አባቴ ተክለሃይማኖት ይባላል፤ አጠና ተራ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሸጥ ነበር። እጁ ሁልጊዜ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ጉንፋን ሲይዘኝ መዳፉን አፍንጫዬ ላይ አድርጎ «ሳቢው፣ መድኃኒት ነው» ይለኛል። ጥር ላይ ጠፋ። እማዬ «እንጨት ሊገዛ ጅማ ሄዷል» አለችኝ፤ አመንኳት። በየቀኑ ሳህን ቋጥራ ትወጣና ባዶውን ይዛ ትመለስ ነበር። ጅማ እንዴት ያለ ቅርብ አገር ነው እያልኩ እገረም ነበር። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሳህኑን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አልጫ ነበር። ዝም ብላ ስታየኝ ጊዜ እኔ በላሁት።

በዚያ ዘመን ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም። የእስር ቤቱ ዘበኛ «ተዛውሯል፤ ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። የት ተዛወረ ብትለው ፊቱን አዞረ። እማዬ ሞኝ አልነበረችም። ግን ሰው ዝም ብሎ አይሞትም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በርሽን አንኳኩቶ፣ ይዞሽ ደግፎሽ መርዶ ይነግርሻል። ያን ጊዜ ታለቅሻለሽ፣ እርምሽን ታወጫለሽ። መርዶ ያልተነገራት ሴት አሁንም ባለ ባል ናት። ምግብ ስትሠራ ለሁለት ትሠራለች፣ በር ሲንኳኳ ልቧ ይዘላል።

ለእማዬ ደግሞ መርዶ ነጋሪ አልነበራትም። ያላት አንድ ወንድም ደጀን ማዶ ነው፤ ያለ ቀበሌ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ የለም። የአባቴ ዘመዶችም ከታሠረ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። ጎረቤቱ ጠረጠረ እንጂ ዓይቻለሁ የሚል የለም። ሳያውቁ ሞቷል ማለት ደግሞ ሟርት ነው። ቢታወቅስ? «አናርኪስት» ለተባለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው። ከእኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩት እትዬ ተሻለች ስለ ልጃቸው ሰምተው አንድ ጊዜ «ኡኡ!» ቢሉ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጓድ ፍቅሬ ጠመንጃውን አንጠልጥሎ መጥቶ ወሰዳቸው። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። እኔ በጩኸታቸው የተቀጡ መሰለኝ። ትምህርት ቤትም የሚጮህ ልጅ ጥግ ይቆማል፤ ምንም አልገረመኝም።

እንግዲህ እማዬ ከዓለም የምትፈልገው አንድ ሰው ነበር። ተክሌ አለ፣ ወይም ተክሌ የለም የሚላት።

ሐምሌ መጀመሪያ አንድ እሁድ አዲሱን ቀሚሴን አለበሰችኝ። «ከክፍልሽ ሦስተኛ ስለወጣሽ ውርሱ እወስድሻለሁ» አለችኝ። እስር ቤት በር ላይ ወረፋ ስትጠብቅ ያወቀቻት አንዲት ሴት ሹክ እንዳለቻት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከአባቴ ጋር የታሠረ ሰው ተፈትቶ ውርሱ ውስጥ የመጫወቻው መካኒክ ሆኗል ተብላለች። ልጅ ይዛ መጫወቻ ቦታ የቆመች ሴት ደግሞ ማንም አይጠረጥራትም። ሦስተኛ ባልወጣም፣ ሠላሳኛም ብወጣ፣ ያን እሁድ እንሄድ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ድምፅ ማጉያው ሰልፍ ሰልፍ የሚል መዝሙር ያንባርቃል። የጋዝ፣ የእርጥብ ነጠላና የአዲስ ጎማ ሽታ ተቀላቅሏል። ሰውዬው መስኮት ባላት የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የብረት ማንሻ ይዞ ይቀመጣል። ሰማያዊ ቱታ፣ ከፊት የወለቀ ጥርስ። ስሙ መኳንንት ነው። መኳንንትና መሳፍንት በተሻሩበት አገር እንዲህ ያለ ስም ይዞ መዞር አይጣል ነው፤ ልጆቹ «ጓድ መኳንንት!» እያሉ ይስቁበታል። ሲራመድ እሾህ ላይ እንደሚሄድ ሰው እግሩን ያነሳል። ጫማው ጠብቦት ነው ብዬ ነበር። ውስጥ እግሩን ተገልብጦ መገረፉን ማን ይነግረኛል!

እኔን ጆሮ ሰባራው ፈረስ ላይ አስቀመጡኝ። እማዬ ጎጆዋ ጋ ቆማ ከሰውዬው ጋር ማውራት ጀመረች። ፈረሴ ዞሮ እነሱ ጋ በደረሰ ቁጥር አንድ ቁራጭ ወሬ እሰማለሁ፤ ከዚያ መዝሙሩና ልጆቹ ይውጡታል።

በመጀመሪያው ዙር ሰውዬው፣ «አንድ ክፍል ነበርን፤ አንድ ብርድ ልብስ ነው የለበስነው» ይላል።

አብሮ አደጎች ናቸው አልኩ።

በሁለተኛው ዙር፣ «ወንድም የለዎትም? አማትስ? የሚጠጋዎት ዘመድ?» ይላል።

በሦስተኛው እማዬ ናት። «እሱን ይተዉት፤ ስለ እሱ ብቻ ይንገሩኝ። ደህና ነው?»

በአራተኛው፣ ሰውዬው ማንሻውን ያያል። እማዬ ሰውዬውን ታያለች።

በአምስተኛው፣ «ደህና ነው። አይዞዎት፣ ደህና ነው» ሲል ሰማሁ። ስድስተኛውን ስዞር እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ዓይኗ በርቶ አየሁ። ከጥር ወዲህ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ነገሩ ለኔ ግልጽ ነው። አክስቴ ስታገባ እንዲሁ ነበር የተጠየቀችው፦ ወንድሟ ማነው፣ ዘመዷ የት ነው። አባባ ጅማ እንጨት ሲገዛ፣ ይህ ጥርሰ ወላቃ እናቴን ሊያገባት ነው! ከፈረሱ ስወርድ ሰውዬው ጭንቅላቴን ሊዳብሰኝ እጁን ሲዘረጋ ጎንበስ ብዬ አመለጥኩት። «አባቷን ቁርጥ» አለ። ስድብ መሰለኝና ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ውርሱ ነን። ሌላ ልጅ ቢሆን በደስታ ያብዳል፤ እኔ ግን ዓይኔ ደም ለበሰ። እማዬ ፀጉሯን መሠራት ጀመረች። ሽንኩርት ስትከትፍ ታንጎራጉራለች። ቅዳሜ ማታ ከየት እንደምታመጣው አላውቅም፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ታሰናዳለች። እኔ ስነካው እጄን ትመታኛለች። «ለማን ነው?» ስላት «ለሰው ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ» ትለኛለች። ለአባትሽ ነው ብትለኝ ኖሮ! ግን ልጅ አፉ አያስተማምንም። ጓድ ፍቅሬ ደግሞ ልጆችን ከረሜላ እየሰጠ ማናገር ይወዳል።

በሦስተኛው እሁድ የአባባን አረንጓዴ ሹራብ ጠቅልላ ወሰደችለት። በአራተኛው ራሷ የሠራችውን ካልሲ፣ በቀይ ክር አስራ። ያን ጊዜ ማታ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ጅማ ይበርዳል ወይ ብዬ ስጠይቃት «ይበርዳል» አለችኝና ካልሲውን ለዚያ ሰው ሰጠችው!

ካደግሁ በኋላ እንደሰማሁት፣ ሰውዬው ሁሌ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር። «የነፍስ አባትዎን አነጋገሩልኝ?» ይላታል።

«እሳቸው ምን ያደርጉልኛል? ይልቅ ሹራቡ ደረሰው?»

«ደረሰው።»

«ጠበበው? ከስቷል? ምን አለ?»

«ምንም አይልም፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል።»

መኳንንትን ከዚያ ክረምት በኋላ ያየሁት መንግሥት ከተለወጠ ወዲያ ነው። እማዬ አርፋ ቤታችን ሊያስተዛዝነን መጣ። «እህቴ፣ ስንቁን ልመልስላት ያልኩበት ቀን ስንት ነው! እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለኝ። «ስንቅ ከመለስኩባት ነገርኳት ማለት ነው። ብቻዋን፣ ልጅ ይዛ፣ መዝሙር በሚጮህበት አዳራሽ መርዶ ይነገራል? ዘመድ ቢኖራት፣ ቄሱ እንኳ ቢገኙ፣ ጠዋት ሰው ይዤ እመጣ ነበር።» ቄሱ አልተገኙም፤ ፈርተዋል። እሱም በየሳምንቱ ቋጠሮውን ተቀበላት። ደግነት እንዲህ ሰው ሲያንገላታ አይቼ አላውቅም። አልፈረድኩበትም፤ እኔም እሱን ብሆን ከዚያ የተሻለ አላደርግም ነበር።

በአንድ ግድግዳ የምንጎራበታቸው እትዬ አልፊያ ግን አላስቻላቸውም። አንድ ማታ ጭቃው ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሰማኋቸው።

«በላይነሽ፣ እኔ እናትሽ ማለት ነኝ። ያ ሰውዬ በዓይኑ አይቶት ነው የሚልሽ?»

«ሹራቡ ደርሶታል ብሎኛል፣ እትዬ አልፊያ።»

«ታዲያ አንድ መስመር ወረቀት ለምን አያመጣልሽም? እጁ ተቆርጧል እንዴ? እኔ የምፈራው... ስንቁ ተመልሶ የለም ወይ?»

«ተዛውሯል ነው ያሉኝ! ሞተ ያለኝ ሰው አለ? እርስዎ አይተዋል? ካላዩ ሟርትዎን ወደዚያ ያድርጉልኝ!»

እማዬ በትልቅ ሰው ላይ ስትጮህ ያን ጊዜ ገና ሰማኋት። ሁለት ሳምንት ተኳርፈው ቆዩ። እኔ ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ወረቀቱን ብቻ ነው። እትዬ አልፊያም አውቀዋል ማለት ነው፤ ሰውዬው የፍቅር ደብዳቤ እንኳን የማይጽፍ ደረቅ ነው ማለታቸው ነው። በልቤ አደነቅኳቸው።

ፍልሰታ እንደተፈታ በመጣው እሁድ እማዬ ዶሮ ሠራች። ዶሮ! ለዓመት በዓል እንኳን ያልነበረን ሰዎች። ላባውን ስትነጭ አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። ለኔ የደረሰኝ አንገትና ክንፍ ነው። ሁለት እንቁላል ነበረው፤ ሁለቱም ቋጠሮው ውስጥ ገቡ። አንዱን ብቻ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። «የሚበላው ሰው ከአንቺ ይልቅ ርቦታል» አለችኝ። ያን እሁድ ወደ ውርሱ የሄድኩት ተጎትቼ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጓድ ፍቅሬ መግቢያው ላይ ወንበር አስወጥቶ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሻይ ይጠጣል። እማዬ ቋጠሮውን ለመኳንንት አቀበለችው። እኔ ፈረሴ ላይ ወጣሁ። ገና ሁለቴ እንኳን ሳልዞር መብራት ጠፋ። ፈረሶቹ ቆሙ፣ መዝሙሩ እየተጎተተ ሞተ፣ ልጆቹ «ውይ!» አሉ። እማዬ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቁ ሴቶች መሐል ጨርቅ ሱቁ ደጃፍ ቆማለች። መኳንንት ከጎጆው ወጣ፤ ቋጠሮውን ይዞ ወደ ጓሮ በር ሲሄድ አየሁት። ከፈረሱ ዘልዬ ተከተልኩት።

ከጎጆዋ በስተጀርባ መፍቻና ዘይት የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች። መደርደሪያዋ ላይ የአባባ አረንጓዴ ሹራብ እንደታጠፈ ተቀምጧል። አጠገቡ ካልሲው፤ ቀዩ ክር አልተፈታም። የጓሮው በር ተከፍቷል። ከቆሼ የሚመጡ፣ ከቆሻሻው ዕቃ እየለቀሙ የሚኖሩ አራት ሰዎች ጆንያቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ጣሪያው ሥር ቁጭ ብለዋል። መኳንንት ቋጠሮውን ፈታና ዶሮውን ለአራቱ አካፈላቸው። እሱ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ቆቡን አውልቆ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ከዚያ በሉ። ሁለቱንም እንቁላል አንዱ ሽማግሌ በላቸው።

ነፍስ ይማር የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነዳያን ዳቦ ሲሰጣቸው ሁሉ ይሉታል፤ የምግብ ምስጋና ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ በሰማሁት አልተደናገጥኩም። የተደናገጥኩት በእንቁላሉ ነው። ድል በድል ሆኜ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ሰውዬውን እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ!

«እማዬ! ሰውዬው አይወድሽም!»

«የቱ ሰውዬ? ምን ትላለች ይቺ!» አለችና ሳቀች። አጠገቧ ያሉት ሴቶችም ሳቁ። በክንዴ ይዛ ገለል አደረገችኝ።

«ዶሮውን ለለማኞች ሰጣቸው። አላየሁ እንዳይመስልሽ! የአባባን ሹራብ መደርደሪያ ላይ ጥሎታል። ካልሲውንም አላደረገውም፤ ክሩ እንኳን አልተፈታም።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀርቷል፣ ግን ባለቤት የለውም። «ለለማኞች?» አለችኝ።

«አዎ! እንቁላሉን ሽማግሌው በላው። እሱ ቆቡን አውልቆ ይቆማል፣ እነሱ ነፍስ ይማር ይላሉ፣ ከዚያ ይበላሉ።»

«ምን ይላሉ?»

ያልሰማችኝ መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ ለማኞቹ እንዳሉት እጄን ዘርግቼ ደገምኩላት።

በዚያች ከተማ ሰው ሁሉ የሸሸውን ነገር፣ ቄስ የፈራውን፣ አብሮት የታሠረ ወንድ ልጅ ሰባት እሁድ አፉን ሞልቶ ሊለው ያልቻለውን እኔ ነገርኳት። የአባቴን መርዶ ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያውም በእንቁላል ተናድጄ፣ ያውም እየተኩራራሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አላውቅም ነበር። ማንም እንዲህ ብሎ ያጽናናኛል፤ እኔም ራሴን አጽናናለሁ። አልጽናናም።

እማዬ ቀጥ ብላ ወደ ጎጆዋ ሄደች። እጄን ይዛ ስለነበር ይህን ሁሉ ሰማሁ። መብራቱ መጥቶ መኳንንት ማንሻው ጋ ተመልሷል፤ ልብሱ በዝናብ ርሷል። አየችው። እሱም አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«መቼ ነው?» አለችው።

«እትዬ በላይነሽ፣ እባክዎ እዚህ አይሆንም። ጠዋት ሰው ይዤ...»

«ሰው የለኝም። ንገረኝ።» ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምትለው፤ ያን ጊዜ አንተ አለችው።

«ሚያዝያ ላይ። በሌሊት ጠሩት።» ቆቡን አጣጠፈው። «ብርድ ልብሱን ለኔ ትቶልኝ ነው የሄደው።»

እማዬ አፏ ተከፈተ። ደረቷ ተነፋ። የምትጮህ መሰለኝና ፈራሁ፤ ጩኸት ያሳስራል። ግን ዞር ስትል ዓይኗ ጓድ ፍቅሬ ላይ አረፈ። ሻዩን እያማሰለ ያያታል። አፏን በነጠላዋ ደፈነችው። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ቤት ብትሄድ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አጠገባችን ቀበሌ ነው። መንገድ ላይ ጥበቃ አለ። በዚያች አገር አንዲት ሴት ባሏን አልቅሳ የምትቀብርበት አንድ ክንድ ቦታ አልነበረም። ዙሪያዋን ስታይ፣ ስታይ፣ ዓይኗ ወንበሮቹ ላይ ቆመ። ልጆች ወጥተው እየታሰሩ ነው። ገና ሳይነሳ መጮህ ጀምረዋል።

«ጥሩዬ፣ ወንበሩ ላይ እንውጣ» አለችኝ።

ጆሮዬን አላመንኩም። አሸነፍኩ! ሰውዬውን ተጣላችው፣ እኔን መረጠች፣ አሁን ደግሞ ወንበሩ! መኳንንት ራሱ መጥቶ ሰንሰለቱን ቆለፈልን። እያነከሰ ተመልሶ ማንሻውን ገፋ፤ ድምፅ ማጉያውንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው።

መጀመሪያ ቀስ አለ። ከዚያ እግሬ ከመሬት ተነሳ። ሱቆቹ መስመር ሆኑ፣ ሆዴ ወደ አንገቴ ወጣ፣ ልጆቹ ሁሉ «ዋይ!» አሉ። እማዬም ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ወገቧ ላይ ጣለችው። በአንድ እጇ ሰንሰለቱን ይዛ በአንድ እጇ ደረቷን ትደቃለች።

«ተክሌ! ተክሌ! የት ጥለውህ ነው! ማን ገነዘህ! ተክሌ!»

ነፋሱና መዝሙሩ እየነጠቁኝ ከዚያ ሁሉ «ተክሌ» የሚለውን ብቻ ለየሁት። ደስታዬ ወሰን አጣ። እኔ ስፈራ «እማዬ» እላለሁ፤ እሷ ስትፈራ አባባን ትጠራለች! መኳንንትን አልጠራችም። እኔም እየሳቅሁ እጄን ዘርግቼ «አባባ! አባባ!» እያልኩ ጮህኩ።

ሌላ ጊዜ አንድ መዝሙር ሲያልቅ ወንበሩ ይቆማል። ያን ቀን አላቆመውም። ሁለተኛው መዝሙር አለቀ፣ ሦስተኛው ጀመረ። ከኋላችን ያለ ልጅ አስመለሰው። ሁለት እህትማማቾች እናታቸውን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ፤ እነሱን ያዩት ተከተሏቸው፤ ወንበሩ ሁሉ ለቅሶ በለቅሶ ሆነ። ሰዎች «አቁመው እንጂ!» እያሉ ጎጆዋን ደበደቡ። መኳንንት አንገቱን ደፍቶ ማንሻውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። ለአባቴ የተለቀሰው ለቅሶ ይኸው ነው። ለቀስተኛው አሥራ ምናምን የሰው ልጅ፣ አንድ መካኒክ፣ ከመሐል ደግሞ እኔ፣ እየሳቅሁ።

ሲቆም አዳራሹ መዞሩን አልተወም። እማዬ ነጠላዋን አነሳች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ፀጉሯን አስተካከለች። ጓድ ፍቅሬ ሻዩን አስቀምጦ ከት ከት ብሎ ይስቃል። «አይዞሽ እቴ! ይህን ያህል ፈሪ ነሽ እንዴ?» አላት።

«ፈሪ ነኝ ጓድ» አለችው። ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ደስ አለሽ?»

«በጣም! እማዬ በናትሽ እንደገና! እንደገና እንውጣ!»

እንቢ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«እሺ» አለችኝ፣ ሰንሰለቱን መልሳ እየያዘች። «እኔም አልጨረስኩም።»